«በዘራችን ያለ በሽታ ከሆነ መርፌው ምን ይፈይዳል?»

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሰውና የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ። አባቴ ለረጅም ዓመታት ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ በ66 ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር አረፉ። አሁን ደግሞ የ43 ዓመቷ ታላቅ እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ሐኪሟ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ ቢያዝላትም፣ «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» ሲባል ስለሰማች እምቢ ካለች ሳምንታት አልፈዋል። ቤተሰቡም «ዘር ከልጓም ይስባል፤ ይህ በሽታ በደማችን አለ» እያለ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እናቴ እንደነገረችኝ የአባቴ እህትም ገና በ40ዎቹ ዕድሜዋ ሳለች በእንቁላል ማመንጫ ካንሰር ነው ያረፈችው። እኔም አጫሽ ነኝ፤ በደሜ ካለ ግን ማቆሜ ምን ይለውጣል? በሽታውስ አብሮ በመኖር ይተላለፋል? ለእህቴስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከጥያቄዎችዎ መካከል ጊዜ የማይሰጠው የእህትዎ ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። እህትዎ የታዘዘላትን ናሙና ሳትዘገይ እንድትሰጥ በሚችሉት ሁሉ ያግባቧት። ይህን አጥብቄ የምናገረው እብጠቱ ካንሰር ነው ብዬ ስለደመደምኩ አይደለም፤ ጡት ላይ ከሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ወይም ካንሰር ያልሆኑ ዕጢዎች ሆነው ይገኛሉ። ነገር ግን አጠራጣሪ የሆነን እብጠት በእጅ በመዳሰስም ሆነ በማሞግራፊ (የጡት ራጅ) እና በአልትራሳውንድ ብቻ ቁርጡን ማወቅ አይቻልም። ቤተሰቡ ተስፋ የቆረጠበት በሽታ መኖር አለመኖሩ ገና አልተረጋገጠም፤ ካለም የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚታወቀው እህትዎ ከምትፈራው ከዚያው ናሙና ነው።

እህትዎን ያስፈራት ወሬ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው እብጠቱ ማመም ሲጀምር ወይም ቆዳውን ሲያቆስል ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ተሻግሯል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ናሙና ተወስዶለት ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በወራት ውስጥ ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ በዓይኑ ያየው መርፌውን ወይም ምላጩን እንጂ ከዓመታት በፊት በስውር የጀመረውን የበሽታውን ጉዞ አይደለምና ጥፋቱ በብረቱ ላይ ይወድቃል። ሐኪሞች በመርፌ ናሙና ከመውሰድ የሚቆጠቡባቸው ጥቂት የዕጢ ዓይነቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ በወንድ የዘር ፍሬ ላይ የሚወጣ ዕጢ አንዱ ነው። የጡት እብጠት ግን ከእነዚህ አይደለም። በመላው ዓለም የጡት ካንሰር የሚረጋገጠው በዋናነት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ መርፌው ያልነበረ ካንሰር አይፈጥርም፤ የነበረውንም ወደ አደገኛነት አይለውጥም።

የበሽታውን ተፈጥሮ ማወቅ ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ይረዳል። ሰውነታችን ከ30 ትሪሊዮን በላይ በሚሆኑ ሕዋሳት የተገነባ ሲሆን፣ ከቀይ የደም ሕዋሳትና ከጥቂት ሌሎች በቀር በሁሉም ውስጥ ዲኤንኤ የተባለ፣ ሕዋሱ መቼ እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚከፈልና መቼ እንደሚሞት የሚወስን የዘር መመሪያ አለ። ሕዋስ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ይህ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ይገለበጣል፤ በግልበጣውም ላይ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛውን ስሕተት ሕዋሱ ራሱ ያርመዋል፤ ማረም ካልቻለም ራሱን እንዲያጠፋ የሚያስገድደው ሥርዓት አለው። ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ቁጥጥር ያመለጡ ስሕተቶች ከአንድ ሕዋስ በተወለዱ ሕዋሳት ላይ እየተደራረቡ ሲሄዱ ነው። አንዳንዶቹ ስሕተቶች እድገትን የሚያዝዙ ዘረ መሎች (የመመሪያው ክፍሎች) ያለ ማቋረጥ እንዲሠሩ ያደርጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እድገትን የሚገቱትን ዘረ መሎች ያሰናክላሉ። ከሚገቱት መካከል ቲፒ 53 የተባለው ዘረ መል በሰው ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል። አንድ ስሕተት ብቻውን ካንሰር የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ስሕተቶቹ ለዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአሥርተ ዓመታት መከማቸት አለባቸው። በሽታው በዕድሜ የገፉ ሰዎችን አብዝቶ የሚያጠቃውም በዋነኛነት በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በጣት የሚዳሰስ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የካንሰር ዕጢ በውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉት፤ እዚህ ለመድረስም ብዙውን ጊዜ ዓመታት ወስዶበታል። ካንሰር የሚሰራጨው ከእነዚህ ሕዋሳት ጥቂቶቹ ከአጎራባቾቻቸው ተላቀው፣ በደም ሥር ወይም በሊምፍ ቧንቧ ተጉዘው፣ በባዕድ ቦታ ላይ የመኖርና የመራባት ችሎታ ሲያገኙ ነው። ያንን ችሎታ የሚሰጣቸው ጊዜ ነው። እህትዎ በምትጠብቅባቸው ሳምንታት እብጠቱ ካንሰር ካልሆነ በከንቱ ትጨነቃለች፤ ካንሰር ከሆነ ደግሞ ጊዜውን ለበሽታው ትሰጠዋለች።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ምን እንደሚደረግበት ቢያስረዷት መልካም ነው፤ ሰው የማያውቀውን ነገር አብዝቶ ይፈራልና። ሐኪሙ ቦታውን ካደነዘዘ በኋላ በመርፌ እንደ ክር የቀጠኑ ጥቂት የሥጋ ቁራጮች ያወጣል። ቁራጮቹ እንዳይበላሹ ፎርማሊን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራሉ፤ ከዚያም በቀለጠ የፓራፊን ሰም ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰሙ ሲጠነክር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕ እጅ አራት እጅ ያህል ብቻ በሆነ ስስ ገለፈት ይቆረጥና በመስታወት ላይ ተዘርግቶ ቀለም ይነከራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሳቱ አስኳል ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ደግሞ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ አስኳሎቹ በመጠንና በቅርጽ ምን ያህል እንደተዛቡ፣ በመከፈል ላይ ያሉት ምን ያህል እንደሆኑ፣ ሕዋሳቱ የጤናማ ጡትን አደረጃጀት ምን ያህል እንደጠበቁ ይመረምራል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ሕዋሳቱ አሁንም በወተት ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ታጥረው ይገኛሉ ወይስ ግድግዳውን ጥሰው ወጥተዋል? በቧንቧው ውስጥ የታጠረው ዓይነት ከወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ የተሻለ የመዳን ዕድል አለው።

ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ በዚያው ናሙና ላይ ሦስት ተጨማሪ ነገሮች ይታያሉ፤ እነርሱም ሕዋሳቱ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስትሮን የተባሉትን የሴት ሆርሞኖች የሚይዙ ሁለት ተቀባዮች አሏቸው ወይ፣ ኸር 2 የተባለው ተቀባይ ፕሮቲንስ በዝቶባቸዋል ወይ የሚሉ ናቸው። ከጡት ካንሰሮች አብዛኞቹ ለሆርሞን ተቀባይ ያላቸው ሲሆኑ፣ እነዚህ እንደ ታሞክሲፌን ባሉ ሆርሞንን በሚከላከሉ እንክብሎች ይታከማሉ። ኸር 2 የበዛባቸው ደግሞ በዚያው ፕሮቲን ላይ ያነጣጠሩ መድኃኒቶች አሏቸው፤ የመጀመሪያው ትራስቱዙማብ በ1998 እ.ኤ.አ. ለአገልግሎት ከመፈቀዱ በፊት ይህ ዓይነቱ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነበር። ሦስቱም የሌሉበት ዓይነት በአብዛኛው ኬሞቴራፒን ይጠይቃል። በአንድ ሆስፒታል በአንድ ቀን የጡት ካንሰር እንዳለባቸው የተነገራቸው ሁለት ሴቶች ፍጹም የተለያየ ሕክምና ሊታዘዝላቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ተገኝቶ የተሟላ ሕክምና በጊዜው ሲሰጥ፣ ሕክምናው በሚገባ በተደራጀባቸው አገሮች ከ10 ሴቶች ከ9 የማያንሱት ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ለእህትዎ ይህን ይንገሯት።

ወደ ቤተሰብዎ ታሪክ ስመጣ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጨፍልቆ «በዘራችን አለ» ማለት ሁለት ጥፋት ያደርሳል፤ የማያሰጋውን ያስፈራል፣ ሊታሰብበት የሚገባውን ደግሞ ይሸፍናል። ካንሰር በሚለው ስም የሚጠሩት በሽታዎች ከ100 በላይ ናቸው። በብዛት የሚታየው ካርሲኖማ የሚነሳው የአካል ክፍሎችን ከውጭና ከውስጥ ከሚሸፍኑ ሕዋሳት ሲሆን የጡት፣ የሳንባ፣ የትልቁ አንጀት፣ የፕሮስቴትና የጨጓራ ካንሰሮች በአብዛኛው በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከስብ ይነሳል። ሉኪሚያ ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኒ ይጀምራል፤ ሊምፎማና ማይሎማ በሽታ ተከላካይ ከሆኑ ሕዋሳት፣ ሜላኖማ ደግሞ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ይመነጫሉ። ካንሰር የሚጠራውና የሚታከመውም በተነሳበት ቦታ ነው፤ የጡት ካንሰር ወደ ሳንባ ቢሻገር እንኳ የጡት ካንሰር እንጂ የሳንባ ካንሰር አይባልም። ስለዚህ የአባትዎና የእህትዎ ሕመም፣ የእህትዎ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ በሽታ ሊሆኑ አይችሉም።

የአባትዎን የሳንባ ካንሰር በተመለከተ ግልጽ የሆነው ተጠርጣሪ ሲጋራው ነው። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞችን ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር አነጻጽረው የማጨስና የበሽታውን ቁርኝት ካሳዩ ወዲህ፣ ማስረጃው በየአሥርተ ዓመቱ እየጠነከረ ሄዷል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ካሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ቢያንስ 60 የሚሆኑት ካንሰር አምጪ መሆናቸው ይታወቃል፤ አንዳንዶቹ በቀጥታ ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቀው ግልበጣው እንዲሳሳት ያደርጋሉ። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት በአጫሹ ሳንባ ውስጥ የሚደርስ እንጂ ለልጅ የሚወረስ አይደለም። ከአባትዎ ሳንባ የወረሱት ካንሰር የለም።

አሁን በደብዳቤዎ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዳለፉት፣ እኔ ግን ደጋግሜ ወዳነበብኩት ጉዳይ ልመለስ። የዘር ካንሰርን የሚያጠና ሐኪም ቤተሰብዎን ቢጠይቅ፣ ይበልጥ የሚያሳስበው የአባትዎ ሳንባ ሳይሆን የአክስትዎ የእንቁላል ማመንጫ ካንሰር ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. የጡት ካንሰር በሚደጋገምባቸው ቤተሰቦች ውስጥ የሚወረስ ዘረ መል በ17ኛው ክሮሞዞም (ዲኤንኤ ከተጠቀለለባቸው ዘንጎች አንዱ) ላይ እንዳለ አሳዩ፤ በ1994 ብራካ 1፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ብራካ 2 የተባሉት ዘረ መሎች ተለይተው ታወቁ። ሁለቱም የተሰበረ ዲኤንኤን በመጠገን ሥራ ላይ የተሰማሩ ናቸው። እያንዳንዳችን ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቅጂ እንቀበላለን፤ አንዱን ቅጂ ተበላሽቶ የወረሰ ሰው ሁለተኛው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲጠፋበት ያ ሕዋስ ጥገናውን ያጣል። በመሆኑም የሚወረሰው ራሱ ካንሰሩ ሳይሆን የተጋላጭነቱ ከፍተኛነት ነው። ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 የተበላሸባት ሴት በሕይወት ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ60 በመቶ በላይ ነው፤ የእንቁላል ማመንጫ ካንሰር ዕድሏ ደግሞ በብራካ 1 ከ39 እስከ 58 በመቶ፣ በብራካ 2 ከ13 እስከ 29 በመቶ ይደርሳል።

ብዙ ቤተሰቦች የሚዘነጉት ነገር ይህ ለውጥ በወንድ በኩልም የሚተላለፍ መሆኑን ነው። ወላጁ ለውጡን ከተሸከመ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባትዎ የእኅታቸውን ዓይነት ለውጥ ተሸክመው ራሳቸው ሳይታመሙበት ለእህትዎና ለእርስዎ ሊያስተላልፉ ይችሉ ነበር፤ አለማስተላለፋቸውም፣ ጭራሹኑ አለመሸከማቸውም እንዲሁ የሚቻል ነው። በአጠቃላይ ከካንሰሮች ሁሉ ከዘር በተወረሰ ግልጽ ለውጥ የሚመጡት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ አብዛኛው ሕመም ከኑሮ፣ ከአካባቢ፣ ከዕድሜና ሕዋሳት ሲከፈሉ በአጋጣሚ ከሚፈጠሩ ስሕተቶች ይመነጫል። ይህን የመጨረሻውን ነገር እህትዎ በሚገባ ልትሰማው ይገባል፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝባት በምን በደሌ ብላ ራሷን የምትከስበት አንዳች ምክንያት የለም።

ማጨስዎን በተመለከተ ያቀረቡት ሐሳብ እንደገና እንዲያስቡበት የምለምንዎ ነው። በደሜ ካለ ማቆሜ ምን ይለውጣል ብለዋል። ተጋላጭነት በአንድ ምክንያት የሚሞላና ለሌላው ቦታ የማይተው ነገር አይደለም፤ ምክንያቶች እርስ በርስ ይደማመራሉ። የተወረሰ ለውጥ ቢኖርብዎ እንኳ ለማቆም ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ለመቀጠል ፈቃድ አይሆንም። ሲጋራ ከሳንባ በተጨማሪ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የፊኛ፣ የቆሽትና የሌሎች በርካታ አካላት ካንሰር ያስከትላል። ካቆሙ ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድልዎ ከማያቆም አጫሽ ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በ38 ዓመት ማቆም ደግሞ በ60 ከማቆም እጅግ የላቀ ጥቅም አለው። ጭሱ አጠገብዎ የሚተነፍሱትን ልጆችዎንም ይጎዳል። ማቆም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁና ብቻዎን አይታገሉ፤ በኒኮቲን ማስቲካና በሚለጠፍ ኒኮቲን፣ በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰዱ እንክብሎችና በምክር አገልግሎት መታገዝ የመሳካት ዕድሉን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከካንሰሮች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑትን መከላከል ይቻላል፤ ከትምባሆ ሌላ አልኮል፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እንቅስቃሴ አልባ ኑሮ፣ የፀሐይ ጨረርና እንደ አስቤስቶስ ያሉ ቁሶች በአጋላጭነት ይታወቃሉ። አልኮል በጥቂቱም ቢሆን የጡት ካንሰርን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ ብዙ ሴቶች አይነገራቸውም።

አብሮ በመኖር ስለመተላለፉ የጠየቁት ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ካንሰር አይተላለፍም። አብሮ በመመገብ፣ በመተቃቀፍ፣ ልብስና አልጋ በመጋራት የሚያዝ ሰው የለም፤ እህትዎን ማግለል ከበሽታው በላይ ይጎዳታል። ካንሰር የሚያስከትሉ አንዳንድ ተሕዋስያን ግን ይተላለፋሉ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ከተባለው ቫይረስ ነው፤ ይህን ግንኙነት ያሳዩት ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሀውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የጉበት ካንሰር፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ያስከትላሉ። ልጆችዎ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ከሆነ የፓፒሎማ ክትባት መውሰዳቸውን፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባታቸውም የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ። ለሁለት ካንሰሮች ክትባት ባለበት ዘመን አባት የሆነ ሰው ይህን ሊያልፈው አይገባም።

ለእህትዎ የሚናገሩትን በተመለከተ፣ በጉባኤ ፊት አያድርጉት። ለብቻዋ አግኝተው በመጀመሪያ የምትፈራውን እስከ መጨረሻው ያድምጧት፤ ከዚያም ቀጠሮውን አብረው ለመያዝና በዕለቱም አብረዋት ለመገኘት ቃል ይግቡላት። ስለ መሰራጨት የሰማችውን ለሐኪሟ በግልጽ እንድትጠይቅ ያበረታቷት፤ ሐኪሙ ይህን ጥያቄ ሲሰማ የመጀመሪያው አይሆንም። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር መሆን አለመሆኑን፣ ካንሰር ከሆነም ዓይነቱን፣ ግድግዳ መጣስ አለመጣሱን፣ የሦስቱን ተቀባዮች ውጤትና በብብት ያሉ ንፍፊቶች መነካት አለመነካታቸውን ጠይቃ በጽሑፍ ትውሰድ።

የዘር ምርመራው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። እህትዎ ካንሰር ከተገኘባት በቅድሚያ የምትመረመረው እርሷ ናት፤ የተበላሸ ብራካ ከተገኘባት ለእርሷ ራሷ የሚታዘዘውን መድኃኒትና የቀዶ ሕክምናውን ውሳኔ ሊለውጥ ስለሚችል ጥቅሙ ለዘመድ ብቻ አይደለም። ከተገኘባት ያው የታወቀ ለውጥ በእርስዎ ላይ ይፈለጋል፤ ለውጡን የተሸከመ ወንድ የፕሮስቴት፣ የቆሽት፣ ጥቂትም ቢሆን የጡት ካንሰር ተጋላጭነቱ ከፍ ስለሚል ክትትል ያስፈልገዋል። ከእርስዎ ካልተገኘ በዚህ በኩል ወደ ልጆችዎ የሚያልፍ ነገር የለም። ከተገኘም ልጆችዎ ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ራሳቸው አስበው የሚወስኑት ይሆናል እንጂ በልጅነታቸው የሚመረመሩበት ምክንያት የለም። የእህትዎ እብጠት ካንሰር ባይሆን እንኳ የአክስትዎ ታሪክ ብቻውን ከዘረ መል አማካሪ ጋር ለመነጋገር በቂ ነው። ከዚያ በፊት ከእናትዎና በሕይወት ካሉ የአባትዎ ዘመዶች ጋር ተቀምጠው በሁለቱም ወገን ማን፣ በየትኛው ካንሰር፣ በስንት ዓመቱ እንደታመመ ይጻፉ፤ አክስትዎ ታክመውበት ከነበረ ቦታ የሕክምና ማስረጃ ማግኘት ከቻሉም ይውሰዱ፤ ወረቀቱንም በእህትዎ የናሙና ቀጠሮ ዕለት ይዘው ይሂዱ።